አስር ደቂቃ ጠብቅ

ዓርብ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ኩሬሳሬ ላይ፣
ባሕሩ በረዶ ነው፣ ጭጋግ ነው ሰማይ።
ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ
የደብዳቤውን ሰርቨር ላድስ እጅጌዬን ሰቅዬ፣
ሲያወርድ፣ ሲዘረጋ፣ ሲጭን፣ ሲያራግፍ፣
ድንገት ቀጥ አለና ጠየቀኝ በጽሑፍ፦

«የቅንብሩን ፋይል የሰው እጅ ነክቶታል፤
እኔ ካመጣሁት በብዙ ይለያል።
አዲሱ ይተካ? የድሮው ይቀመጥ?»
መልሱ አንድ ፊደል ነው፤ ምን አለው ለመምረጥ።

የድሮው የኤንዴል ነው። ኤንዴል ጡረታ ወጥቶ
ንብ ያነባል አሉ፣ ስልኩንም ዘግቶ።
የአስራ ስድስት ዓመት የተቆለለ መስመር፣
ግማሹ ጥገና፣ ግማሹ ምሥጢር።
ከአንዷ አጥር ምልክት ኋላ እንዲህ ትላለች፦
«አስር ደቂቃ ጠብቅ። ሩህኑን አትርሳ።»
በቃ። ቀን የላት፣ ፊርማ የላት፣ ምክንያት አታነሳ።

አዲሱ ግን ንጹሕ ነው፤ «ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል፤
ያልመለሰ ይዘጋ» ይላል።
ደክሞኝ ነበር። አዲሱን አልኩ።
በረዶውን እንደ ብስኩት እየሰበርኩ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ማንም አላማረረም።
ማክሰኞ ማንም።
«ተሳካ» አልኳት ለአለቃዬ፤ እሷም «ግሩም»።

ለካ የሚያማርረው የሚያማርርበት
ያው መንገድ ኖሯል፣ እኔ የዘጋሁበት።

ረቡዕ ትንሿ አውሮፕላን ከሩህኑ ስታርፍ
አብራሪው ይዞልኝ መጣ የታጠፈ ጽሑፍ፤
ከደሴቲቱ ነርስ፣ ከሄልዲ፣ በእርሳስ፦

«ኡርቬ፣ በወረቀት የጻፍኩልሽ
ሌላው መንገድ እምቢ ቢለኝ ነው።
የሽማግሌውን የደም ውጤት ከዓርብ ጀምሮ እልካለሁ፣ ይመለሳል።
እንደገና እልካለሁ፣ ይመለሳል።
መስመራችን በነፋስ ቀን ያዘግማል።
ኤንዴል ይጠብቀን ነበር።
አንቺስ አትጠብቂንም?»

ደግነቱ ማሽኑ አሮጌውን አልጣለውም፤
ስሙ ላይ ጭራ ቀጥሎ ጥግ አስቀምጦታል።
ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈትኩ፣
መስመር በመስመር፣ እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው።
የኤንዴልንም ሁሉ አላዳንኩም፤
የሞተ ፋክስ ነበረው፣ የተሸጠ ጀልባ፣
ተማሪ ያጣ ትምህርት ቤት። እነሱን ሸኘሁ።
አስሯን ደቂቃ ግን ለብቻዋ ፋይል አወጣሁላት፣
እድሳት ሲመጣ በሩን የማያንኳኳባት።
በላይዋም አጥር አጥሬ ጻፍኩ፦

«ሩህኑ። በነፋስ ቀን መስመሩ ይዘገያል።
ነርሷ ሄልዲ ትባላለች፤ ስልኳ ይኸው።
ከእኔ በኋላ የምትመጣ ሰው ሆይ፣
ሳትሰርዝ ደውልላት።»

ቀኑን ጻፍኩ። ስሜንም።

ከዚያ ለሄልዲ አንድ ቃል ላክሁ፤ «ይሰማል?»
ተቀምጬ ጠበቅሁ።
ሦስት ደቂቃ። ሻዬ ቀዘቀዘ።
ስድስት። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።
በሠላሳ ሰከንድ ስንት ሰው ይታጣል እያልኩ
ስቆጥር፣ በዘጠነኛው፦

«ነፋሱ ብርቱ ነው። ደርሶኛል።»