ሦስተኛው ድምፅ

የሊፍቱ ሣጥን ሳንቲሜን ዋጠና እምቢ አለኝ፣
አምስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ ላማራ በሩን ከፈተችልኝ።
ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ፣ «ስማው» አለች፣ «ኦቲያ፤
ትንፋሽህን ዋጥ አድርግና ስማው፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ እዚያ።»

ሰማሁ። ማራገቢያ ነው። ያረጀ ፓወር ሳፕላይ።
አቧራ የጠገበ፣ ሲዞር የሚያቃስት፤ ምን ይሰማል ከዚህ በላይ?
«ወርዷል» አለች፤ «በግማሽ ድምፅ። እስከ ጥቅምት ልክ ነበረ።»
የኔ ጆሮ ለብየዳ እንጂ ለዜማ አልተፈጠረ።

ላማራ የሽማግሌ ዘፈን ትለቅማለች ከየተራራው መንደር፣
ሦስት ሆነው የሚዘፍኑትን፣ ሦስቱን ድምፅ በአንድ ወረቀት ልታስር።
አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይከተላል፤ ሦስተኛው ቃል የለውም፣
«ኦ» ብሎ ከሥር ይዘልቃል፤ እሱ ከሌለ ዜማው አይቆምም።
«አሥራ ሁለት ዓመት» አለች፣ «ሌሊት ብቻዬን ስጽፍ፣
ሦስተኛው ድምፅ እሱ ነበር፤ በሱ ላይ ነው የምደገፍ።»

ቴስተሬን አወጣሁ። ቁጥር አይዋሽም የምል ሰው ነኝ።
አሥራ ሁለት ቮልት ይገባዋል፤ አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት አሳየኝ።
«ደንቡ ውስጥ ነው» አልኳት፤ «ይሠራል። የሚሠራ ነገር አይነካም፤
ላሪሽን ለጋዝ አስቀምጪው፤ ለሚተነፍስ መቃብር አይለካም።»

ይህንኑ ቃል አምና ለአንድ ፋርማሲ ተናግሬ ነበር።
ቅዳሜ ሌሊት ጧ አለ፤ ማዘርቦርዱንም ዲስኩንም ይዞ ወደ አፈር።
ባለቤቱ አልተቆጣኝም። የሕመምተኞቹን ስም እንደገና በእጁ እየጻፈ፣
«ይሠራል ብለኸኝ ነበር» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ ገጹን እያጠፈ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ማን ይጠላል ቅጠሉን?
ግን «ሳይ» የምትባለዋን ቀን፣ ማን አይቶ ያውቃል ልኳን?
በአምስተኛው ዓመት፣ ዋስትናው ሲያልቅ? በአሥረኛው? ጠዋት
ቁልፉ ሁለቴ ካልተጫኑት እምቢ ሲል? ወይስ ጭስ የሸተተ ለት?

«ማራገቢያውን ብቻ ልለውጥ» ብዬ ገመዱን ነቀልኩ፣
ውስጡ የቀረው ኃይል እንዳይነክሰኝ፣ ስለ ቤት ኪራይ እያወራሁ ጠበቅኩ።
ከዚያ አራቱን ብሎን ፈታሁ። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ፣
«ጉራም፣ የካቲት» ይላል፤ ዓመቱ በሙቀት ጠፍቶ።
«ወንድሜ ነው የገጠመው» አለች፤ «አሁን ፖላንድ የጭነት መኪና ይነዳል፤
ስንደዋወል ‹ያ ሣጥን አለ?› ይለኛል፤ አለ ስለው ይስቃል።»

ካፓሲተሮቹን አየሁ። ሁለቱ አናታቸው አብጧል፣
ከአንዱ ሥር ቡናማ ላብ ወርዶ ሰሌዳው ላይ ደርቋል።
ሥራ ሳይበዛበት ለክቼው ነው ለካ ቁጥሩ ያማረው፤
ሸክም ሲጫን መንበርከኩን፣ ዙሩ መድከሙን፣ ጆሮዋ ነው የመረመረው።

«እሺ» አልኩ። «በቃው።»
«ብዬህ ነበር» አላለችም። መብራቱን ጠጋ አደረገችልኝ።

አዲሱን ገጠምኩ። ቁልፉን አንዴ ነካችው፤ በራ።
ይኸኛው ካልሞቀው ማራገቢያው አይዞርም። ቤቱ ጭር አለ፤
ሪዮኒ ብቻ ከሩቅ አወራ።
ላማራ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ቆየች፤ አልጻፈችም።
ያቋረጠችውን ዘፈን ከመሪው ድምፅ ጀመረች፤ አልሄደላትም።
ከዚያ ከደረቷ፣ በጣም በቀስታ፣ «ኦ» ብላ ሥሩን ያዘች፤
አፏን ሳትከፍት፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ መጻፏን ቀጠለች።

እኔም የጎኑን ክዳን ሳልዘጋ ቀኑን በማርከር ጻፍኩበት።
ስሜን ልጨምር አስቤ ነበር። ተውኩት።

ስመለስ ሊፍቱ ሠራ፤ ለመውረድ ሳንቲም አይጠይቅም።
ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ሞተሩ ከላይ ያጉረመርማል፣
ድምፁ ወርዶ ይሆን?
ድሮ ስንት እንደነበረ ግን አላውቅም።