ገበር

ካምስተኛው ፎቅ ላይ ዝናብ ጣራ ሲመታ፣
የቮክሌን ቤት ሰዎች ተሰበሰቡ ማታ።
ፓሪስ ከታች ረጥባ፣ መብራቷ እየራሰ፣
"ለወንድም እንስፋ ወይ?" የሚል ሐሳብ ደረሰ።

ስድሳ ስምንት ዓመት የሴት ወገብ ለክቶ፣
የሴት ትከሻ አውቆ፣ የሴት አንገት አይቶ
የኖረ ቤት ነው ይሄ። የእንጨቷ ምስል እንኳ
ጡት አላት፣ ዳሌ አላት፤ ራስ ነው የጎደላት፣
"ራሷ እኔ ነኝ" ብላ ማዳም የምትቀልድባት።

ጊስላን ተነሣ፤ የልጅ ልጅ ነው፣ ወራሽ፣
ጫማው ጭቃ አያውቅም፣ ምላሱ እንባ አባሽ።
"ወንዶች ገንዘብ አላቸው፣ መስታወትም ለመዱ፤
ጎረቤት ቤቶች ሁሉ ወደዚያው ነጎዱ።
ቆመን ካየን ቀረን" አለና ሥዕል ዘረጋ፦
ኮት፣ ሰደርያ፣ ሱሪ፣ ለክረምት፣ ለበጋ።

የሽቶው ክፍል ሹም፣ ሲዶኒ በሹል አፏ፣
"ስማችን ይረክሳል" አለች ከነማኩረፏ፤
"ሆቴል ነው ወይ ቤታችን፣ ያገኘውን የሚቀበል?
የሴት ቤት የሴት ይሁን።" ሌላው፦ "ይሁን፣ ግን ቀስ እንበል።"
ክርክር ክር ነው ለካ፤ አንዱ ሲስብ ከረረ፣
አንዱ ሲለቀው ላላ፣ እዚያው ተቋጠረ።

እኔ ሥዕሉን አየሁ። ቆጠርኩ። ስድስት ኪስ።
አንዱ ለሰዓት፣ አንዱ ለብዕር፣ አንዱ ዝም ብሎ ኪስ።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት መርፌ ስይዝ፣
ስንቷ ደንበኛ ለመነች፣ ስንቷ ሄደች ስትተክዝ፦
"ለቁልፌ፣ ለመሐረቤ፣ እጄ ሲበርደው መሸሻ።"
ማዳም ግን መልሷ አንድ ነበር፦ "ኪስ? የመስመር ማበላሻ!"
ለወንዱ ግን ይኸው፣ ገና ጨርቅ ሳይገዛ፣
ስድስት ኪስ ተቸረው፤ የመስመር ነገር እንደዋዛ
ተረሳ።
          አልተናገርኩም። ማን ይሰማል የቁልፍ ቀዳዳ ሰፊ?
መርፌ የያዘ ከንፈር አይሆንም ለፍላፊ።

ማክሰኞ ጧት ነው ደግሞ፣ ስብሰባው ሳይቋጭ ገና፣
አንድ ሽማግሌ መጣ፣ ደረጃውን አዘገመና፤
ሙሴ ፍሎራንታን ይባላል፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣
በክንዱ የሴት ካፖርት፤ "ትከሻውን አስፊልኝ፤
የሚስቴ ነው፣ እሷ የለች። እኔ ልልበሰው እባክሽ።
ሌላ ኮት አልጠፋም፤ እሱ ነው የሚያሞቀኝ።"

ገበሩን በምላጭ ፈታሁ፣ ስፌት ስፌቱን ተከትዬ፤
ከብብት ዝቅ ብሎ እጄ ቆመ። "ኪስ!" አልኩ ለብቻዬ።
መዳፍ የማታክል ኪስ፣ ከውጭ ያልታየች፣
ከማዳም ዐይን ሥር በስውር የተሰፋች።
ስፌቷን ዐወቅኋት፤ ሦስት ጠባብ፣ አንድ ሰፋ፦
ያስተማሪዬ የዘኖቢ፤ እሷ ብትሞት እጇ አልጠፋ።
ማዳም "አይሆንም" ስትል፣ ዘኖቢ "እሺ" ብላ፣
ገበር ሥር ገብታ ኖሯል፣ አለቃዋን አታልላ።
ለስንቷ ሴት ሰፍታ ይሆን? ስንቱ ካፖርት ነው ዛሬ
ፓሪስ ላይ የሚመላለስ፣ ሆዱ ውስጥ ይዞ ወሬ?

ከኪሷ አንድ ትኬት ወጣ፣ የወንዝ ጀልባ፣ የደበዘዘ፣
ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ፣ ደርቆም ሽታ የያዘ።
ሽማግሌው ምንም አላለ። እጁን ወደ ኪሷ ሰደደ፤
ትልቅ ነው፣ ዘይት የጠጣ፤ ሁለት ጣቱ ብቻ ወረደ።
ሁለቱን እዚያው አቆያቸው።

ትከሻውን ሁለት ጣት አሰፋሁ። ቁልፉን ግን አልነካሁም፤
እንደ ሴት በግራ ቀረ፤ እሱም "አዙሪው" አላለኝም።

ጉባኤው ዛሬም ማታ አለ። ለወንድ ይስፉ፣ አይስፉ፣
እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ ድምፅ የሚሰጡት ይልፉ።
ሥዕሉ ለመቀስ ሲደርስ ግን፣ ከስድስቱ ሦስቱን ሰርቄ
ለሴቶቹ እሰፋለሁ፣ ከገበር ሥር፣ ደብቄ።
ማዳም ከመቃብር ተነሥታ መስመሩን ብታይ፣
"ልክ ነው" ትላለች። የበረደው እጅ እንጂ
ዐይን አያውቀውም ከላይ።