መብራት የጠፋ ሌሊት፣ ሱሉልታ

ከጎጃም መንገድ ዳር፣ ከውኃ ፋብሪካው ጀርባ፣
የባሕር ማዶ ስልክ ያስተላልፍ የነበረ፣
ሥራው ሲቀዘቅዝ አንገቱን ያቀረቀረ
አንድ ሳሕን አለ፣ ሠላሳ ሜትር ብረት።
እኔና ፍሬሕይወት
ማርሹን በግራሶ አሽተን፣ የቁራ ጎጆ አንሥተን
ቀና አደረግነው፣ እያቃሰተ እንደ አዛውንት።
ድሮ «ሃሎ» ይሰማ ነበር፤
ዛሬ የሚያዳምጠው ሃሎ የማይል ነገር።

ሥራችን ምንጭ መቁጠር ነው።
እዚህ ሰፈር «ምንጭ» ሲባል ለሰው የሚታየው
በፕላስቲክ ታሽጎ በአይሱዙ የሚጫነው ነው።
የኛዎቹ አራት መቶ አሥር ናቸው፣ ከሰማይ ጠርዝ የሚፈልቁ፣
ለዓይን ባዶ ጨለማ፣ ለሬዲዮ የማይደርቁ።
በአንድ ጆሮ የሰማ ጩኸቱን እንጂ አቅጣጫውን አያውቅም።
አንዱ ጆሮ እኛ ነን፤ ሌላው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣
ሦስተኛው በሰሜን፣ ባሕሩ በረዶ በሚጋግርበት ደጃፍ፤
በአንድ ቅጽበት ወደ አንድ ነጥብ ስንዞር
ምድር ራሷ ጆሮ ትሆናለች፣ ከዳር እስከ ዳር።

ምድር ቤት፣ ከወፍራሙ በር ኋላ፣
በሚሊዮን ዓመት አንዲት ሰከንድ የማይስት ሰዓት አለን።
ዘበኛችን ጋሽ ዲንቂሳ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይለኛል።
ስምንት፣ እለዋለሁ።
ስክሪኑ ግን ሃያ ሦስት ይላል፣ ያውም የትናንትን።
«ከትናንት ጋር ነው እንዴ የምትሠሩት?»
ከዚያም በፊት ነው፤ ይህኛው ምንጭ ድምፁን ከላከ
ሰባት ቢሊዮን ዓመት አልፏል።
ካፖርቱን ሰብስቦ ይስቃል፦
«እኛን ታዲያ በሰባት ዓመት ዘገያችሁ ይሉናል!»

ችግሩ ሰማይ አይደለም፤ ጎረቤት ነው።
ሞባይሉ፣ የአሮጌው ሚኒባስ ካንዴላ፣ የሆቴሉ ማይክሮዌቭ፣
ከሁሉም ከሁሉም የቶለሳ ብየዳ፦
እሱ የበር ማጠፊያ ሲያያይዝ፣ የእኔ ስክሪን ይጋያል።
ሄድኩ። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ብታጠፋልኝ?»
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፦ «ማን ሊደውል ነው?»
ምን ልበለው።
«የደወለው ሳይሞት አልቀረም፤ ድምፁ ገና እየደረሰ ነው።»
ዝም አለ። እጁን በሱሪው ጠረገ።
«ለቅሶ ነዋ» አለ፤
ማሽኑን ነቀለ።

በኅዳር አጋማሽ፣ ብርዱ አጥንት ሲገባ፣
መብራት ጠፋ፤ ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ጫንጮ።
ሰፈሩ በአንድ አፍ ተራገመ።
እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ቶሎ እንዳይመጣ ለመንኩ፦
ጫጫታው እንደ ዝናብ አባርቶ
ሰማዩ ብቻውን ቀረ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ እስኪጨርስ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሦስትን አየን።
አየን ስል፣ ምንም አላየንም።
የምንቀዳው ሹክሹክታ እንኳ አይደለም፤ ሹሽታ ነው።
ዲስኩ በካርቶን ታሽጎ በቦሌ በኩል ይሄዳል፤
የሦስት አገር ሹሽታ አንዱ ካንዱ ይነጻጸራል፤
በሦስቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ የተገኘ፣ እሱ ነው።

የብዙዎቹ መልስ «አልተገኘም» ነው። ለምደነዋል።
በጥር አንድ መስመር መጣ፦ «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። ደካማ፣ ግን አለ።»
ፍሬሕይወት ከወንበሯ ሳትነሣ አለቀሰች፤
እኔ ግራሶ ልጨምር ብዬ ወጣሁ።

እሱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የምንፈልገውም ለዚህ ነው፤
እሱን ችካል አድርገን የራሳችንን መንሸራተት እንለካለን፦
ሳሕኑ፣ ፋብሪካው፣ ሳይነጋ በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡት ልጆች፣
በዓመት ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል፣ ሁላችንም፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ።
ለቶለሳ ነገርኩት። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤
ሁለት ሳንቲም ተኩሉን ዘርግቶ ትክ ብሎ አየው፤
«ጉድ እኮ ነው» አለ፣ «እኔ ደግሞ አምና የገጠምኩት በር
ለምን እንደማይዘጋ ስገረም ነበር።»