ሁለት ስም፣ አንድ ስልክ

ሊማ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከእግረኛው መንገድ ዳር፣
ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ማመልከቻ ስቸረችር።
የጽሕፈት መኪናዬ አርጅታ፣ አንዷ ፊደል ቀለም አትይዝም፤
ደንበኛ ግን አይጠፋም፤ ሥራ ፈላጊ አያልቅም።

ሳቢና ማክሰኞ መጣች፣ ጉሙ ጣራ ላይ ሲያንጠባጥብ፣
ከፑኖ፣ ከሐይቁ ዳር፤ ጣቷ የመርፌ ጠባሳ፣ ነጥብ በነጥብ።
ስድስት ዓመት የሰፋ እጅ፤ ምስክሩ ይኸው ነው፤
ማኅተም ስለሌለው ግን፣ ማን ዞር ብሎ ሊያነበው?

«ሁለት አድርገህ ጻፍልኝ፤ ሁሉም ነገር አንድ ይሁን፣
ዕድሜው፣ ትምህርቱ፣ ልምዱ፤ ለይልኝ ስሙን ብቻ፣ ስሙን።
ባንዱ ቾኬዋንካ በለኝ፤ አባቴ የተወልኝ ነው፤
ባንዱ ዴል ሶላር፤ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ያገኘሁት ነው።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ለሥራ ተብሎ ሲለቀም ግን፣ ያን ቀን አየሁ በግብር።

ሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር መታሁ። ዐርብ ስልኳ ጠራ፤
«ወይዘሪት ዴል ሶላር?» አለ ድምፁ፣ ከማር የጠራ።
ቾኬዋንካን የጠየቀ
እስከ ዛሬ አልደወለም።

ሄደች። ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ ፊቷን አየ፤ ጉንጉኗን አየ፤
«ቦታው ትናንት ተያዘ» አለ፤ ድምፁ ከማሩ ተለየ።

በመጨረሻ ጋማራ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ያገሯ ሰው ተቀበላት፤
ከፑኖ ልጅ በቀር አይቀጥርም፤ ስሟን ሲሰማ አቀፋት።
«እኅቴ» ይላል ሲያስመሻት፤ «እኅቴ» ይላል ደሞዝ ሲያጎድል፤
እንግዳ ቢሆን ትከሰው ነበር፤ ወንድም እንዴት ይከሰሳል?

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አልኳት ለቀልድ።
አልሳቀችም። «አመዱስ የማን ነው?» አለች፤
ሳንቲሜን ቆጥራ ሰጥታኝ፣ ወረደች በዚያው መንገድ።

ስለ እኔ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር።
ሰሌዳዬ ላይ «ጉስማን» ይላል፤ የአባቴ ስም ግን ዋማን ነው፤
በአያኩቾ ተራሮች ቋንቋ፣ ጭልፊት ማለት ነው።
ካያኦ ወደብ ሊመዘገብ ቆሞ፣ ማንም ሳያስገድደው፣
ሁለት ፊደል ለወጠ፤ ክንፉን ቆርጦ በሩን አለፈው፤
አርባ ዓመትም ጆንያ ተሸከመ።

ባለፈው ወር ሲሞት፣ ድንጋዩ ላይ «ጉስማን» ብዬ አስቀረጽኩ።
ዘመዶቼ አኮረፉ። እኔ ግን የሳቢናን ብጤ አሰብኩ፤
ነገ አንዷ በመቃብሮቹ መሃል ስም ስትለቅም ብትመጣ፣
ይህኛው ሥራ ያስገባል፤
በነጻ ትውሰደው፤ ባዶ እጇን አትውጣ።