ደርሶ መልስ

ደርሶ መልስ ከፈለች፤ ዣንጥላዋን ዘርግታ
ከፊቴ ተቀመጠች፣ አንጓች፣ ከስታ፣ ተደስታ፤
ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስኮረጀችኝ።
«ማዶ ያሉት ሰዎች ስኳሬን ሊነቅሉት ነው» አለችኝ፤
«በሰባት ቀን ጾም፣
በቅጠል ጭማቂ፤ መርፌ ከእንግዲህ የለም።»
«ሐኪሙስ?» ብላት፣ ሆዷን ነካ አደረገች፤
«ዐሥራ አንድ ዓመት ወጋሁት፤ ታከተኝ» አለች።

ዝም አልኩ። ከዚያ ቤት በነፍስ ወከፍ መቶ ብር አለኝ።
ጀልባዬ ስታፈስ በቅጠል ደፍኜ አላውቅም፤
ይህን ማለት አቃተኝ።

በአምስተኛው ሌሊት ስልክ፤ «ቶሎ ና» ተባልኩ።
በባትሪ ብርሃን ፊቷን ፈለግኩ።
«መርዙ እየወጣላት ነው» ይላል ነጭ የለበሰው፤
ትንፋሿ ያደረ ማንጎ ሲሸት፣
እኔን እንጂ እሱን ያልሸተተው።

ነፋሱ ከዘጌ በኩል ተነሣ። ማዕበል።
አስተኛኋት ከጀልባው ወለል፣
በዣንጥላዋ ጋርጄ። የባሕር ዳር መብራት ራቀኝ።
«አንጓች፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት?» እላለሁ፣
እንዳትተኛ፣ እንዳትተወኝ።
«አንጓች፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት?»
ሞተሩ ብቻ ይመልሳል። ውኃው። ጨለማው። ስንት ሰዓት፣ ስንት...

«ሃምሳ ስድስት» አለች፣ ወደቡ ስንደርስ።
እኔስ መቶዋን ብር ለማን ልመልስ?