ሆዷስ?

ከሹወይኽ ወደብ ማዶ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ልብ ሳይ፣ ልብ ሳሳይ፣
ጄል በቀባሁት ደረት መሣሪያ ሳንሸራትት፣
የደከመ ጡንቻ ስክሪን ላይ ሲንከራተት፣
ዶክተር ዱዓይጅ ከኋላዬ ቆሞ
«ስንት?» ይለኛል፣ ከሰላምታው አስቀድሞ።
«ሃያ» እላለሁ። ሃያ ከመቶ።
ይጽፋል፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አያቱ ዕንቁ ጠላቂ፣ ደረቅ አልጋ ላይ ሲሞቱ፣
አቁማዳ አክሎ ነበር አሉ እግራቸው እስከ ባቱ።
«ባሕር ገባባቸው» አለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፤
«በየት በኩል?» ብሎ ጠየቀ ልጁ፣ በስድስት ዓመቱ፣ አሉ።
አርባ ዓመት ያንን በር ሲፈልግ ኖረ፤
ጨው አስቀነሰ፣ ሽንት ለካ፣ በየማለዳው ኪሎ ቆጠረ።
ጡንቻው ካለቀ ግን ኪኒን ምን ሊሠራ?
ያኔ ሌላ ልብ ነው ተስፋው፣ የሌላ ሰው አደራ።

አባቴ «ልብ ግዛ» ይለኝ ነበር ስሳሳት፤
እዚህ ልብ መግዛት ክልክል ነው፣ ያስቀጣል በእሥራት።
ይለመናል እንጂ።
ያን ሌሊት የለመንሁት እኔ ነኝ።

ረውዳ ይማም፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ የሳልሚያ ልብስ ሰፊ፤
የመሣሪያው ትንፋሽ ብቻ ነበር በደረቷ አላፊ።
ቢስቲማ ደወልን። የአባቷ ድምፅ፣ ከድምፃቸው ጀርባ ዝናብ።
ዶክተሩ በአረብኛ ይለኛል፤ እኔ ቃል አጣሁ።
«ልቧን ይስጡን» በእኛ አፍ ሌላ ነው፤
ልቧን የሰጠች ያፈቀረች ናት።
ዙሪያውን ዞርሁ፣ ዞርሁና እንደ ሥጋ ነገርኋቸው፦
ደረቷ ውስጥ ያለውን፣ አሁንም የሚመታውን።
ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ከዚያ፦ «ሆዷስ?»
«አቤት?»
«ሆዷ። ሆደ ባሻ ናት እኮ፣ ክፉ ቃል አትችልም።
ሆዷ ሰው አገር እንዳይቀርብኝ።»
«አብሯት ይመጣል» አልሁ።
«እንግዲያስ ልቧን ውሰዱት። አላህ ያሽርበት።»

«ምን አሉ?» አለኝ ዶክተሩ። ነገርሁት። አልሳቀም።
ደብተሩ ላይ በአረብ ፊደል «ሆድ» ብሎ ጻፈ፤
አጠገቡ ቁጥር የለውም።

ልቡ ለአንድ የጀህራ ጎማ ጠጋኝ ደረሰ።
የተተከለ ልብ ነርቩ ተቆርጧል፣ ወሬ አይሰማም ቶሎ፤
ሰውየው ደንግጦ ካበቃ ወዲያ ነው የሚሮጥ፣ በደም መልእክት ተቀብሎ።
መርዶ ነው በሉት። እኔም የእናቴን
በሦስት ወሯ ነው የሰማሁ።

ዶክተር ዱዓይጅ የቀረ ዕድሜውን በአንዲት ጥያቄ አሟጠጠ፦
መልሶ ያቆጠቁጣል ወይ ሥሩ፣ በሰው ደረት የተቀመጠ?
በየዓመቱ ጎማ ጠጋኙን ያስተኛዋል፣
በየዓመቱ «ስንት?» ይላል።
ዘጠና አምስት። ዘጠና አምስት። ዘጠና ሦስት።
የጥናቱ ገንዘብ ሁለቴ ተቋረጠ፤
አንድ ጊዜ ከኪሱ ከፈለ፣ ሚስቱ ሳትሰማ።

በስምንተኛው ዓመት፣ ጡረታው ሊደርስ አርባ ቀን ሲቀረው፣
ኮሪደሩ ላይ የብረት ትሪ ወደቀ።
ሰውየው ክው አለ።
ስክሪኑ ላይ፣ ሳይውል ሳያድር፣
ልቡም ክው አለ።

ዶክተሩ መነጽሩን አወረደ። «ስንት?» አላለኝም።
«ሁድ» አለ፣ በተሰበረ አማርኛ።
አብሯት ይመጣል ብዬ ነበር ለአባቷ።
ላርመው አፌን ከፈትሁ፤
ትሪው ገና ወለሉ ላይ ይሽከረከራል።