የነፋስ ልክ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳማ ሲጋገር፣
ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ከጭነት መኪኖች ሰፈር፣
ሙክታር ሱባሩውን አስጎትቶ መጣ፣
አንድ ካርቶን ይዞ፣ ከዱባይ የወጣ።
ውስጡ ጥቁር ሳጥን፣ ሳሙና የሚያህል፤
«ጋሽ ደግፌ፣ ዛሬ የምንቀይረው አንጎል።»

አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ሳክም
ልብ ቀይሬያለሁ፣ ኩላሊት አጥቤያለሁ፣
አንጎል ግን ነክቼ አላውቅም።

ከኋላ በር ወረደች ሌሊሴ፤
እሷ ላፕቶፕ ይዛ፣ እኔ መፍቻ ከኪሴ።
ተያየን። ማን ለማን እንደሚያቀብል
ገና አልተወሰነም ነበር።

ሽቦው ከዳሽቦርዱ ሥር፣ እንደ በግ አንጀት ተዘርግፎ፣
ቢጫው ከጥቁሩ፣ ቡናማው ከነጩ ተጠላልፎ።
እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ እሷ ከወረቀት ትፈታለች፤
በብየዳው ጢስ መሃል ዓይኗን ጨፍና ትስላለች።
«አሥራ ሰባት?» «ካንዴላ።»
«ሃያ ሁለት?» «ሙቀት።»
«ሠላሳ አንድስ?» ዝም። ወረቀቱ ላይ የለበት።
ያቺን ሽቦ ጫፏን በፕላስተር አሰርናት፤
እስከ ዛሬ ድረስ ሥራዋን አላወቅናት።

ቁልፉ ሲዞር አስነጠሰች፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤
በአራተኛው ተነሣች፣ እየተነጫነጨች እንደ ሌሊት ተረኛ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።
ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፣
ነፋሱን እንደ ጥጥ ይፈትላሉ፤
የፈተሉት የት አገር እንደሚለበስ እንጃ፣
ለእኔ ጋራዥ ግን አይደርስ።
ላፕቶፑ ዘጠኝ በመቶ ላይ ሊሞት ሲል ደረስንለት፣
ከመኪናዋ ባትሪ ገመድ ስበን ሰካንለት፤
ለሐኪሙ በሽተኛዋ ደም ሰጠችለት።

ስክሪኑ ላይ ማሳ አለ፣ በቁጥር የተዘራ፤
ወደ ጎን የሞተሩ ዙር፣ ወደ ላይ የነፋሱ ግፊት፣ ተራ በተራ።
እያንዳንዷ መደብ የነዳጅ ልክ ይዛለች፤
«ይህን የዘራው ሰው ባሕር ጠረፍ ነው» አለች፣
«እዚያ ነፋሱ ወፍራም ነው፣ የአዳማ ደግሞ ቀጭን፣ ትኩስ።
ነዳጁ ሲሳሳ ፒስተን ይቀልጣል፣
ሲወፍር ካንዴላው ጥላሸት ይለብስ።»

በካርቡሬተር ዘመን ይህ ሁሉ አንዲት ብሎን ነበር፤
ሩብ ዙር፣ ጆሮ መስጠት፣ ደግሞ ሩብ ዙር።
ይህን አልነገርኳትም። ሽማግሌ ያሰኛል።

ሌሊት፣ በወንጂ መንገድ፣ ሸንኮራው ግራና ቀኝ ቆሞ፣
ሙክታር ከመሪው ጋር እንደ ሙሽራ ተሳስሞ፣
እሷ ፊት ወንበር፣ ፊቷ በስክሪኑ ብርሃን ተነክሮ፣
እኔ ከኋላ፣ እንደ ትርፍ ሰው፣ ጉልበቴ ካገጬ ታስሮ።
«ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ። አሁን እስከ መጨረሻው ርገጥ!»
ቱርቦው ፉጨቱን ለቀቀው፤ ወንበሩ ጀመረኝ ሊውጥ።

ያኔ ሰማሁት።
ከፉጨቱ ሥር፣ ከጎማው ጩኸት ማዶ፣
ሽንብራ በጣሳ ሲናጥ፤ እሳት ያለ ጊዜው ነዶ።
«ልቀቅ! ልቀቅ አልኩህ!» የሙክታር እግር ተነሣ፤
ቀይዋ መብራት ግን ዘገየች፣ ዘበኛ ከእንቅልፉ እስኪነሣ።

ሌሊሴ ዞራ አየችኝ። ምንም አላለች።
ሦስት መደብ መረጠች፣ ሁለት ሁለት ዲግሪ ቀነሰች።
«እንደገና» አለች።
ከዚያ ወዲያ፣ ከእያንዳንዱ ርግጫ በኋላ፣ ስክሪኑን ሳታይ
«አሁንስ?» ትለኝ ጀመር፤
«ጸድቷል» እላለሁ፣ አንዳንዴም «ቆይ»።

እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ሥራው አላለቀም፤ ያለቀው ቤንዚን ነው።
ሙክታር እየገፋ፣ እኛም ከኋላ እየገፋን፣
ያን ሁሉ ጉልበት የጫነች መኪና
በእግራችን ይዘናት ገባን።

ቤቴ ተጋደምኩ። ነፋሱ ጣሪያዬን ያዘ፤
የላላው ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ፣ እንደ ሽንብራው ናወዘ።
«ሁለት ዲግሪ ቀንሺ» አልኩ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ለጨለማው።
ዘነበች ተገላበጠች፤
«ማንን ነው፣ አንተ ሰው፣ በዚህ ሌሊት ቀንሺ የምትለው?»